ጀርባቸውን የሰጡ ሳልሞኖች

ታውኖ ራንታላ ውሸት አይወድም። ብቻ እውነት ስታንስበት ያዝንላታል፤ ስለዚህ ትንሽ ያሳድጋታል። አንድ ጊዜ የያዘውን ሳልሞን ርዝመት ለማሳየት እጆቹን ሲዘረጋ በቀኙ የቆመው ሰው ባሕር ውስጥ ገባ፤ በግራው የቆመው የወደቡን ምሰሶ አቅፎ ለጥቂት ተረፈ። ድምፁም ከእጁ አያንስም። ማለዳ ወደቡ ላይ ሲያስነጥስ ማዶ ባለው ትልቁ ደሴት ድቦች ከዋሻቸው ወጥተው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሶይንቱላ በምትባለው የደሴት መንደራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ገና አልተወለደም።

በዚያ በጋ ግን የታውኖ እጆች የሚዘረጉበት ነገር አጡ።

«ሌምፒ» የእንጨት ጀልባው ናት። አባቱ በገዛ እጃቸው ከዝግባ ጠርበው ሠርተው በሚስታቸው ስም ጠሯት፤ ሲሞቱም ግማሿን ለታውኖ፣ ግማሿን ለታላቅ እህቱ ለአይላ አወረሱ። ባሕር ላይ ስትወጣ ሁለት ረዣዥም ዘንጎቿን እንደ ክንፍ ትዘረጋለች። ከየዘንጉ አንድ አንድ የብረት ገመድ በእርሳስ ኳስ ክብደት ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከየገመዱም መንጠቆ የታሰረባቸው የነሐስ ማንኪያዎች በክር ተንጠልጥለው ከኋላዋ ይጎተታሉ። ጀልባዋ በሽማግሌ እርምጃ ትሄዳለች፤ ማንኪያዎቹ እንደ ቆሰለ ትንሽ ዓሣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሳልሞን ይመጣል፣ ይነክሳል፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። ሥራው ይኸው ነው። በአባትየው ዘመን የሌምፒ ደወሎች ከሩቅ ሲሰሙ ባሕሩ ላይ ሠርግ ያለ ይመስል ነበር።

በዚያ በጋ ደወሎቹ ዝም አሉ። ሸረሪት አድርታባቸዋለች የሚል ሰው ነበር። ውሸት ነው፤ ሸረሪቷ ራሷ ዝንብ አጥታ ለቃ ሄዳለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ክፋቱ ታውኖ በጸደይ ወቅት፣ በማኅበሩ አዳራሽ፣ አገር በተሰበሰበበት መካከል ቆሞ «ዘንድሮ ሌምፒን በሳልሞን ሳልሞላት ብቀር ድንች ትከሉባት!» ብሎ መፎከሩ ነው። በኛ ደሴት አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ቃል በድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ነው። ወሬው ማዶ ተሻገረ። ማዶ ምግብ ቤት ያላቸው ሚስተር ዊትኮም ሰሙና ሐሳቡን አሻሻሉት። ድንቹን ትተው አበባ ሊተክሉባት ፈለጉ። ሌምፒን ከደጃፋቸው ሣር ላይ አቁመው፣ ዓሣ የሚጠራቀምበትን ሆዷን በአፈር ሊሞሉት።

አይላ ወደ ወደቡ የወረደች ሐሙስ ቀን ነው። የኅብረት ሱቁ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ዱቄት ለብሷል። ታውኖ ሌምፒ ላይ ተንበርክኮ በትልቅ ብሩሽ ቅጥራን ይቀባል።

«ታውኖ።»

«እትዬ! ዳቦ አመጣሽልኝ?»

«ዳቦ ለሠራ ሰው ነው። ሚስተር ዊትኮም ቅዳሜ ይመጣሉ።»

«ይምጡ! ዓሣ ሊገዙ ነው?»

«የሌለህን? ጀልባዋን ገዝተው ሊወስዱ ነው። በራስህ አፍ ነው ያልከው፤ እኔ አላስገደድኩህም። እኔም ደክሞኛል ወንድሜ። በየቀኑ ሰው ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ከዳቦው በፊት የሚጠይቀኝ "ታውኖ ዛሬም ባዶ ነው?" እያለ ነው።»

ታውኖ ብሩሹን እንደ ጎራዴ መዘዘ። «ሌምፒ ሣር ላይ? የአባባ ጀልባ ላይ ጽጌረዳ? ወይ ፍንክች! ዓሣው እኮ አለ! ከኋላዬ ሰልፍ ይዞ ነው የሚከተለኝ!»

ከጎን ካለው ነጭ ጀልባ ላይ ሳቅ ተሰማ። አርማስ ነው። አርማስና ታውኖ ዳዴ ካሉበት ጊዜ ጀምሮ ሲበሻሸቁ የኖሩ ናቸው። የአርማስ ጀልባ አዲስ የፋይበር ጀልባ ናት፤ ንጣቷና ቅርጿ ቁርጥ የገላ መታጠቢያ ገንዳ።

«ሰልፍ ይዞ ከተከተለህ ለምን አይነክስም ጀግናው?»

«እያሰበበት ነው!»

«በጋው ከገባ ጀምሮ?»

«የኔ ዓሣ እንዳንተ ዓሣ ያገኘውን የሚጎርስ መሃይም አይደለም!»

አርማስ ሆዱን ይዞ ሳቀና ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ክንድ የምታህል ጥቁር ቱቦ ናት፤ ከፊቷ ክብ መስተዋት፣ ከኋላዋ እንደ ዓሣ ክንፍ አላት። ወደቡ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የውኃ ውስጥ ካሜራ ናት። ባለፈው ቅዳሜ አርማስ በዚህችው የቀረጸውን አዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳይቶ ነበር፤ ሦስት ሳልሞንና አንድ የጠፋ ጓንት ታይተው አገር በጭብጨባ ተናውጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ አርማስ ሲራመድ እንኳ ደረቱ ቀድሞት ነው የሚደርሰው።

«ይኸውልህ፤ አበድርሃለሁ» አለ። «የብረት ገመድህ ላይ እሰራት፤ ከኋላህ ያለውን ሁሉ ታያለች። ቅዳሜ ማታ አዳራሽ ውስጥ እናየዋለን። ያልከው ሰልፍ ከታየ የሌምፒን የውጭ ሆድ ከሥር በገዛ እጄ እፍቅልሃለሁ፤ የተለጠፈባትን ቀንድ አውጣም፣ አረንጓዴውን አልጌም።»

«ቢላህን ሳል!» አለ ታውኖ።

አይላ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ደህና። እኔም እዚሁ ሰው ፊት ልናገር። ዓሦቹ ሌምፒን ሲከተሉ በዓይኔ ካየሁ ሚስተር ዊትኮምን በመጡበት እመልሳቸዋለሁ፤ የድንቹም ፉከራ ይረሳል። ካላየሁ አበባው ይተከላል። ደግሞ ያንተን ሥራ ስለማውቅ ነገ አብሬህ እወጣለሁ።»

«የኔን ምን ሥራ?»

«ከአርማስ ጀልባ ጀርባ ሄደህ የሱን ዓሣ ቀርጸህ ትመጣለህ።»

ታውኖ እውነቱን ለመናገር ይህ ሐሳብ መጥቶለት ነበር። «ኧረ በማርያም!» አለ ግን፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሲያነሣው ሸሚዙ ላይ አምስት ጥቁር ጣት ቀረ።

*

ዓርብ ሲነጋ ወጡ። አይላ ከአባቷ ቀብር ወዲህ ሌምፒን ረግጣ አታውቅም ነበር። ገና እግሯን ስታስገባ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምንድን ነው ይሄ ሽታ?»

«የአባባ ሽታ ነዋ! የጥድ ቅጥራን። አባባ በየጸደዩ ሲያስቀቡኝ አታስታውሺም? ዘንድሮ እንደ ኖኅ መርከብ በውስጥም በውጭም ለቀለቅኳት። መሪዋን፣ ገመዱን፣ የማንኪያ ሣጥኑን ሳይቀር። ጓንቴን ራሱ ነክሬዋለሁ። ዓሣ ሲጠፋ ሥራ እፈታለሁ፤ ሥራ ስፈታ እቀባለሁ።»

«ከቀባህ በኋላስ ዓሣው መጣ?»

«ሲጠፋብኝ ጊዜ ጨመርኩበት!»

አይላ ከኪሷ አንድ አሮጌ የነሐስ ማንኪያ አወጣች። የአባታቸው ነው። ከኩሽናዋ መስኮት ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ የኖረ፤ ዘይትና አቧራ ስለያዘው ማለዳ በሳህን ማጠቢያ ሳሙና ፈትጋ አጥባዋለች። ታውኖ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ በጥፊ መለሰችው።

«አንሣ! አንተ የነካኸው ሁሉ ይጣበቃል። ራሴ አስረዋለሁ።»

ቀኝ በኩል ባለው ገመድ ላይ የታውኖ ማንኪያዎች በተርታ ታሰሩ፤ ከሁሉ በታች የአይላ። ካሜራዋን ከመካከላቸው ወደ ኋላ እንድታይ አድርገው አሰሯት። የእርሳስ ኳሱ ገመዱን ይዞ ሲወርድ ታውኖ ጎንበስ ብሎ፣ «ዓይንሽን ክፈቺ፤ የንጉሥ አጃቢ ልታዪ ነው» አላት ካሜራዋን።

ቀኑን ሙሉ በሽማግሌ እርምጃ ሄዱ። ጉም ተነሣ፤ ተራራው ተገለጠ፤ ዓሣ ነባሪዎች እንኳ ራንታሎች ተያይዘው ወጡ የሚለውን ሰምተው ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ካላመናችሁ እነሱን ጠይቁ። ደወሉ ዝም።

በኛ ባሕር ሬዲዮ ላይ እውነት የሚናገር ዓሣ አጥማጅ የለም። ሆዷ ሞልቶ ልትሰጥም የደረሰች ጀልባ ላይ ያለ ሰው ድምፁን አሳዝኖ «ምንም የለም፤ ባዶ ነው» ነው የሚለው፤ አለበለዚያ ጀልባ ሁሉ ይከበዋል። ታውኖ ብቻ ነው ዕድሜ ልኩን ቢኖርም «ሞልቷል!»፣ ባይኖርም «ሞልቷል!» የሚለው። ስለዚህ የሱን ሬዲዮ የሚሰማ የለም።

«ሌምፒ፣ ሌምፒ፤ እንዴት ነው ሰልፉ?» አለ አርማስ በሬዲዮ።

«ሞልቷል!» አለ ታውኖ።

አይላ ሰማዩን አየች።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ ጮኸ። አንዴ ብቻ። ሁለቱም ከመቀመጫቸው እንደ ሚዳቋ ዘለሉ። ገመዱ ሲጠቀለል ውኃው ተሰነጠቀና ንጉሥ ከሚባለው ከትልቁ የሳልሞን ዝርያ አንዱ ብቅ አለ፤ ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ የብር ሳህን። ታውኖ በሜንጦ ስቦ አስገባው። አፉ ላይ ያለው የአይላ ማንኪያ ነበር።

«የኔ ነው» አለች።

«ወደኔ ሲመጣ መንገድ ስቶ ነው!»

ከዚያ በኋላ ዝም። ሌላ ደወል የለም፤ ሌላ ዓሣ የለም።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ትንሽ ወሽመጥ ውስጥ መልሕቅ ጥለው፣ ካሜራዋን አውጥተው፣ አርማስ ከሰጣቸው ትንሽ ስክሪን ጋር አገናኙና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታውኖ የሚፎክርበት ነገር ሲያልቅ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ራሱም አያውቅም ነበር። ሌምፒ ሣር ላይ ቆማ፣ ጎብኚ አጠገቧ ፎቶ ሲነሣ፣ ዘንጎቿ ላይ ወፍ ሰፍሮ ታየው።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ውኃ። አረፋ። ማንኪያዎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ።

ከዚያ ከጨለማው ውስጥ ጥላ መጣ።

«አየሽ?» አለ ታውኖ በሹክሹክታ። የታውኖን ሹክሹክታ የሰማ ሰው በኛ ደሴት ከዚያ በፊት አልነበረም።

ጥላው ሳልሞን ሆነ። ከኋላው ሌላ። ከሌላው ኋላ ሌላ። ቀስ ብለው፣ ተከታትለው፣ እርስ በርስ ሳይገፋፉ። ሰልፍ! የለየለት ሰልፍ! ታውኖ ዘሎ ተነሣና ጣሪያው ናላውን አዞረው። «አላልኩም? እትዬ አላልኩም? አጃቢ አላልኩም?»

«ቁጭ በል። እይ።»

የመጀመሪያው ሳልሞን አፍንጫውን ወደ ታውኖ ማንኪያ አስጠጋ። ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ራሱን ነቀነቀ። ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ሁለተኛው ቀረበ፣ አሸተተ፣ ዞረ። ሦስተኛው ሩቅ ሳለ ተመለሰ። ልክ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጡ፣ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፣ ሄዱ። ከሥር የአይላ ማንኪያ ብቻዋን ትወዛወዛለች። አንድ ትልቅ ሳልሞን ከላይ ካሉት ሸሽቶ ወደ ታች ሲወርድ አገኛት፤ አላሸተተም፣ አላመነታም፤ ዋጥ!

አይላ ስክሪኑን አቆመችው። ከዚያ የወንድሟን እጅ ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ፊቷን ራሱ እንደ ሳልሞኑ ዞር አደረገች።

«ቅጥራን» አለች።

«አባባም ይቀቡ ነበር እኮ!»

«ቀቢው አንተ ነበርክ። እኔስ ምን እሠራ ነበር?»

ታውኖ አሰበ። ልጅ ሳሉ እሱ በብሩሽ የጀልባዋን ጎን ሲለቀልቅ፣ እሷ ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ቆማ ነበር። «ሳህን ታጥቢ ነበር።»

«ሳህን አይደለም። ማንኪያዎቹን ነው። እነዚህን። አባባ በሳሙና ያሳጥቡኝና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ራሴ ሣጥን ውስጥ እንድከታቸው ያደርጉኝ ነበር። "ወንድምሽ እንዳይነካቸው፤ የሱ እጅ ጥድ ጥድ ይሸታል" ይሉኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ "ትልቁ ሥራ ያንቺ ነው፤ ለታውኖ እንዳትነግሪው" ይሉኛል።»

ታውኖ አፉን ከፈተ። «ለኔም "ትልቁ ሥራ ያንተ ነው፤ ለአይላ እንዳትነግራት" ነበር የሚሉኝ።»

ተያዩ። ከዚያ ሳቅ መጣ። አይላ ዓይኗን በመሐረብ እስክትጠርግ ሳቀች፤ ታውኖ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ሌምፒ ተወዛወዘች። ሽማግሌው ጀልባዋን ብቻ አይደለም ለሁለት የከፈሏት፤ ሥራዋንም ነው። ታውኖ ደግሞ የራሱን ግማሽ ይዞ በጋውን ሙሉ ሲለቀልቅ ከረመ።

ሳቁ ሲበርድ አይላ ቀስ ብላ፣ «ስማኝ» አለች። «ነገ ሁሉንም ማሳየት የለብህም። የመጡበትን አሳይ፣ ያ ትልቁ የዋጠበትን አሳይ። የዞሩበትን ቆርጠን እናወጣዋለን። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ሰው እንዲስቅብህ አልፈልግም።»

ታውኖ እውነትን ሲያሳጥር ኖሮ አያውቅም፤ ማስረዘም ነው ልማዱ። ስክሪኑ ላይ የቆመውን ሰልፍ አየ።

«እምቢኝ!» አለ። «ሰልፍ ይዘው ይከተሉኛል አልኩ፤ ይኸው ሰልፋቸው! ከነፊታቸውም ከነጀርባቸውም ነው የማሳየው። አንዲት ጭራ አትቆረጥም!»

*

ቅዳሜ ማታ ደሴቱ ሁሉ ሳውና ከሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ወጥቶ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ፀጉሩ ሳይደርቅ አዳራሹን ሞላው። ሰው በመስኮት ገባ። ሰው ሰው ላይ ተቀመጠ። ሕንፃው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ቦታ ባይሰጥ ኖሮ ግማሹ ውጭ ይቀር ነበር። ሚስተር ዊትኮም ከፊት ረድፍ፣ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰው፣ የአበባ ሥዕል ያለበት መጽሔት ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አርማስ ከኋላቸው።

መብራት ጠፋ። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። የመጀመሪያው ሳልሞን ሲመጣ አዳራሹ «ኡ!» አለ። ሰልፉ ሲከተል «ኡኡ!» አለ። ታውኖ መድረኩ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

ከዚያ የመጀመሪያው ዓሣ ዞረ።

ሁለተኛው ዞረ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ፉት ያለው መጠጥ በአፍንጫው ወጣ። ሦስተኛው ዞረ፣ አራተኛው፤ አዳራሹ ፈነዳ። ሳቁ ጣሪያውን አነሣው፤ ሲመልሰው ትንሽ ጠመም አድርጎ ነው፤ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል።

«ለቅሶ ደራሽ ናቸው እንዴ?» ጮኸ አርማስ እንባውን እየጠረገ። «ታውኖ፣ ማን ሞቶብህ ነው?»

«እያሰቡበት ነው ብለኸን ነበር!» አለች አንዲት ሴት። «አስበው ጨረሱ!»

ሚስተር ዊትኮም ጎረቤታቸውን፣ «ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብለው ጠየቁ።

ታውኖ ጠበቀ። ጆሮው ቀልቷል፤ ግን አንገቱ አልተደፋም። ሳቁ ጥቂት ሲረግብ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ መድረኩ ላይ ብቻውን ስለነበር የወደቀ የለም።

«ሳቁ!» አለ። ድምፁ የመስኮቱን መስተዋት አንቀጠቀጠው። «ሳቁ! ግን እየቆጠራችሁ ሳቁ! እስቲ በዚህ ባሕር ላይ፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ፣ ይህን ያህል ዓሣ የናቀው ሰው ማን አለ? ተናገሩ! ማንም! እኔ ብቻ! አንተ አርማስ፣ ያንተን አይተናል፤ ሦስት ሳልሞንና አንድ ጓንት። አንተን የሚንቅህ እንኳ አጥተሃል! የኔን እያቸው፤ ከጃፓን ድረስ ተጠራርተው ነው የመጡት፤ እኔን ንቀው ሊመለሱ! ቅጥራን ቀብቼባቸው፣ አፍንጫቸውን አቃጥዬው፣ እምቢ እያሉም መጡ! ሌምፒን ነው የተከተሉት! ሽታው ባይኖር ጀልባዋ ላይ ወጥተው መሪዋን ይይዙልኝ ነበር!»

አሁን አዳራሹ እየሳቀ ያጨበጭብ ጀመር፤ የትኛው ሳቅ፣ የትኛው ጭብጨባ እንደሆነ መለየት እስኪያቅት።

አርማስ ተነሣ። «ቆይ ቆይ! ፉከራው መሙላት ነበር። ጀልባዋ ባዶ ናት!»

አይላ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ዱቄቷን ታጥባ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ስትነሣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ነገ ዳቦ የሚገዛው ከሷ ነው።

«ሐሙስ ወደቡ ላይ ምን አልኩ? ሲከተሉ ካየሁ ነው ያልኩት። አንተም ሰምተሃል አርማስ። ተከትለዋል ወይስ አልተከተሉም?»

«ተከትለዋል!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

«አልሰማሁም።»

«ተከትለዋል!» በዚህኛው ማዶ ያሉት ድቦች ወጡ።

«እንግዲያው ሌምፒ የትም አትሄድም። ማንኪያዎቿንም ከሰኞ ጀምሮ የምይዘው እኔ ነኝ። ዳቦ የሚፈልግ ማለዳ ተነሥቶ ይግዛ፤ ከሄድኩ በኋላ የለም።» ወደ ሚስተር ዊትኮም ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልን፤ በከንቱ አደከምንዎት።»

ሚስተር ዊትኮም መጽሔታቸውን ከደኑ። «አበባዎቹን ግን አዝዣቸዋለሁ» አሉ ቅር ብሏቸው።

«አበባዎትማ ጥሩ ገንዳ አያጣም» አለ ታውኖ ከመድረኩ፤ ጣቱንም ወደ አርማስ ቀሰረ። «የዚህን ሰውዬ ጀልባ ወደብ ላይ አይተዋታል? ነጭ ናት፤ ውኃም ትይዛለች!»

*

አርማስ እሑድ ቀን የባሕሩ ውኃ ሸሽቶ ሌምፒ ደረቅ ላይ ስትቀር ሥሯ ተንበርክኮ ቀንድ አውጣ ሲፍቅ ዋለ። ታውኖ ከላይ ሆኖ «እዚያ ጋ ትተሃል፤ ወደ ግራ፤ ወደ ሌላኛው ግራ» እያለ ይመራው ነበር። የማንኪያ ሣጥኑን አይላ ወደ ቤቷ ወስዳ በፈላ ውኃና በሳሙና ስትፈትገው፣ ከሣጥኑ የወጣው ውኃ የጓሮዋን ሣር አጠቆረው። የታውኖን እጅ ራሱ ይዛ እንደ ሕፃን እስከ ክርኑ አጠበችው።

«ተይ እትዬ፤ ቆዳዬ አለቀ!»

«ይለቅ። ሌላ ይበቅልልሃል።»

ሰኞ ሲነጋ ባሕሩ ላይ ጉም ነበር። አይላ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ ከነጭ ጨርቅ እየፈታች አሰረች። ታውኖ መሪውን ይዞ ቆመ፤ ማንኪያ ሊነካ አይችልም፤ ገመድ ሊነካ አይችልም፤ አፉ ብቻ ነው የተፈታለት። የእርሳስ ኳሶቹ ወረዱ።

ሌምፒ መንገዷን ሳታጋምስ የቀኙ ደወል ጮኸ። አይላ ገመዱን መጠቅለል ስትጀምር የግራው ጮኸ። የግራውን ሳታወጣ የቀኙ እንደገና። ከዚያ ሁለቱም አብረው፣ ሳያቋርጡ፣ እንደ ሠርግ። ሳልሞኑ መንጠቆውን የሚነክሰው በሁለት ይሁን በሦስት ሆኖ አልታወቀም፤ ወለሉ ላይ ብር ተነጠፈ፤ አይላ ጉልበቷ ድረስ ዓሣ ውስጥ ቆማ፣ ከፀጉሯ ላይ ቅርፊት እያራገፈች፣ አባቷን ይሁን ወንድሟን ሳይታወቅ ጮክ ብላ ትሳደባለች፤ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ሌምፒ፣ ሌምፒ» አለ አርማስ። ጉልበቱ ገና እያመመው እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል። «እንዴት ነው ጀግናው? ዛሬም ሞልቷል?»

ታውኖ መነጋገሪያውን አነሣ። አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲለው የኖረው ቃል። ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን አየ። ደወሎቹን አየ። ባሕሩ ላይ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ መጥተው ሲከቡት ታየው። ድምፁን አሳዘነ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምንም የለም» አለ። «ባዶ ነው።»

ሬዲዮው ዝም አለ። ባሕሩ ላይ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ዝም አለ። ከወንጌል በኋላ እንዲህ ዓይነት ዜና በኛ ባሕር አልተሰማም፤ ታውኖ ራንታላ ባዶ ነው አለ!

ከዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ ሞተር አጓራ። ሌላ ተከተለ። ሌላ።

«ምን ነገርካቸው?» አለች አይላ ቀና ብላ።

«ምንም የለም ነው ያልኳቸው! እንደ ሰው ወጉን ልጠብቅ ብዬ!»

ጉሙ ተከፈለ። ከምሥራቅም ከምዕራብም፣ የጀልባ አፍንጫ ሁሉ ወደ ሌምፒ ዞሯል፤ ከሁሉ ፊት የአርማስ ነጭ ገንዳ፣ ሞተሩ እስኪነጥር እየበረረ። ታውኖ መነጋገሪያውን እንደገና ነጠቀ።

«ባዶ ነው አልኳችሁ እኮ! አንዲት የለችም! በአባባ አጥንት!»

ሞተሮቹ ፍጥነት ጨመሩ።

አይላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አሁንስ? ሊከቡን ነው።»

ታውኖ መነጋገሪያውን ሰቀለ። ንጹሕ እጆቹን፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸቱትን፣ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ዘረጋ።

«ይምጡ!» አለ። «ግን እንደ ሳልሞኑ ሰልፍ ይዘው ነው!»

ከኋላው ሁለቱም ደወሎች ጮኹ።